አልጌ ወንዛችንን ያጸዳልናል ወይ?

ጥያቄውን የላኩት በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር በማኅበር ተደራጅተው አትክልት የሚያመርቱ ወጣቶች ናቸው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «አልጌ የቆሸሸ ውሃ ያጸዳል የሚል ቪዲዮ አየን። የእኛ ውሃ አንዳንድ ቀን ጥቁር፣ አንዳንድ ቀን ቀላ ብሎ፣ አንዳንዴም አረፋ ለብሶ ይመጣል። ሰላጣና ቆስጣ የምናጠጣው በዚሁ ነው። አልጌ አምጥተን ወንዙ ውስጥ ብንጨምር ይጸዳል? ያደገውንስ ስፒሩሊና (ለምግብነት የሚሸጠው አልጌ) ብለን፣ ካልሆነም ለከብት መኖ መሸጥ እንችላለን?»

አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጣችሁ። ወንዙ ውስጥ አትጨምሩት። ያደገውን ለሰውም ሆነ ለከብት አትሽጡት። ሐሳቡን ግን አትጣሉት። አልጌ ቦታውን ካገኘ በእውነት ይሠራል። እኔም በዚህ ሥራ ላይ ዓመታት የቆየሁት ስለማምንበት ነው። የቪዲዮዎቹ ችግር ግማሹን ብቻ ማሳየታቸው ነው። ጥቁሩ ውሃ አረንጓዴ ሲሆን እናያለን። አረንጓዴው ከዚያ በኋላ የት እንደሚገባ ግን አያሳዩንም። የሥራው ዋና ነገር ያለው ደግሞ እሱ ጋ ነው።

ከአሠራሩ ልጀምር። አልጌ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ዋቅላሚ የሚባለው ነው። ብዙ ሰው አልጌ ቆሻሻ የሚበላ ይመስለዋል። በፍሳሽ ውስጥ ያለውን ዓይነ ምድር፣ የምግብ ትርፍራፊና የእጣቢ ቅባት በዋናነት የሚበሉት ግን ባክቴሪያዎች ናቸው። ባክቴሪያ ሲበላ ኦክስጅን ይፈልጋል። ኦክስጅኑ ሲያልቅ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩት ሌሎቹ ባክቴሪያዎች ይተካሉ፤ ያ የምታውቁት ክርፋት የሚመጣው ያኔ ነው። አልጌ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ፀሐይ ሲያገኝ ኦክስጅን ይለቃል፣ ባክቴሪያው ይተነፍሰዋል። ባክቴሪያው ያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ አልጌው ይወስደዋል። ሁለቱ ተደጋግፈው ነው የሚኖሩት።

አልጌው ራሱ የሚወስደው ነገርም አለ። ለማደግ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያስፈልገዋል። ዩሪያና ዳፕ ብላችሁ ከገበያ የምትገዟቸው ንጥረ ነገሮች ማለት ነው። ፍሳሽ ውስጥ ሁለቱም ሞልተዋል።

ይህንን ጉድኝት በሚገባ አጥንቶ ወደ ምህንድስና ያመጣው ዊልያም ኦስዋልድ የተባለ አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ውስጥ ሠርቶ ያሳየው ኩሬ ጥልቀቱ ከጉልበት በታች ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። ቅርጹ እንደ ሩጫ መም ዞሮ የሚገጥም ነው። አንድ መቅዘፊያ ጎማ ውሃውን ቀስ አድርጎ ያዞረዋል። ሌላ ማሽን የለውም። ኦክስጅን በትልልቅ ሞተር ከመንፋት ፀሐይ እንድትነፋው ማድረግ ነው ነገሩ።

ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም። ቃሊቲ የነበሩት የድሮዎቹ የፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬዎች የሚሠሩት በዚሁ መርህ ነበር። እንዲህ ዓይነት ኩሬ ላይ አልጌ የሚዘራ ሰው የለም። ራሱ ይመጣል። ስለዚህ «ልዩ አልጌ» እንሽጥላችሁ የሚል ሰው ከመጣ ገንዘባችሁን አትስጡ። በቆሸሸ ውሃ ውስጥ የሚያድጉት ክሎሬላና ሴኔዴስመስ የሚባሉት ዓይነቶች በነፋስም፣ በወፍ እግርም፣ በጭቃም ይደርሳሉ። እናንተ ማዘጋጀት ያለባችሁ ቦታውን ነው።

አንድ ቀን ከእንዲህ ዓይነት ኩሬ አጠገብ ብትውሉ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውሃው ፈዞ፣ ትንሽም ሸተት እያለ ታገኙታላችሁ። መለኪያውን ስትነክሩት የሟሟ ኦክስጅኑ ዜሮ አካባቢ ነው፤ ሌሊቱን ሁሉም ሲተነፍስ አድሮ ጨርሶታል። 3 ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ትጠነክራለች። ከታች ትናንሽ አረፋዎች መውጣት ይጀምራሉ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ውሃው እንደ ጎመን ወጥ አረንጓዴ ይሆናል። መለኪያው በሊትር 20 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሊያሳያችሁ ይችላል። በአቃቂ ከፍታ ላይ ንጹሕ ውሃ በተፈጥሮው የሚይዘው ወደ 7 ብቻ ነው። ኩሬው ኦክስጅን ተርፎት ለአየር እየሰጠ ነው ማለት ነው። በዚያው ሰዓት የውሃውን አሲድነት የሚያሳየው ፒኤች የሚባለው መለኪያ ወደ 9 እና 10 ይወጣል (7 መካከለኛ ነው፤ ከዚያ በላይ አሲድ አይደለም)፤ አልጌው ካርቦኑን ከውሃው ስለመጠጠው ነው። ይህ መውጣቱ ብቻውን ሦስት ነገር ይሠራል። ብዙ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ይገድላል። አሞኒያው ከፊሉ ወደ አየር ይተናል። ፎስፈረሱም ከፊሉ እንደ ኖራ ወደ ታች ይዘቅጣል። እኔ ይህንን ስንት ጊዜ አይቼው ዛሬም ያስደንቀኛል።

አሁን ወደ ክፉው ክፍል። አልጌ የወሰደውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የትም አላጠፋውም። ሰውነቱ ውስጥ አስቀምጦታል። አልጌው ሲሞት ይበሰብሳል፣ ያስቀመጠውንም መልሶ ውሃው ውስጥ ያፈሰዋል። ሲበሰብስ ደግሞ ቀን ላይ የሰጠውን ኦክስጅን መልሶ ይበላል። ስለዚህ አልጌ ውሃ አጸዳ የሚባለው አልጌውን ከውሃው ያወጣችሁት ቀን ነው።

ይህንን በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በሥራም ተምሬዋለሁ። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ የሙከራ ኩሬ ላይ ነበርኩ። ሁለት ወር ሙሉ እንደ ልብ ሠራልን። ከዚያ የትንሣኤ በዓል መጣና ሁላችንም ወደየቤታችን ሄድን፤ አልጌውን የሚሰበስብ ሰው አልመደብንም። ስንመለስ አረንጓዴው የለም። ውሃው ቡናማ ሆኗል። ጎንበስ ብዬ በብርጭቆ ስቀዳው ቁንጫ የሚያካክሉ እንስሳት እየዘለሉ ይዋኛሉ። ዳፍኒያ ይባላሉ። ተራብተው አልጌውን በጥቂት ቀን ውስጥ ግጠው ጨርሰውታል። የተረፈውም ታች ወርዶ በስብሷል። በዚያ ሳምንት ከኩሬው የወጣው ውሃ ከገባው የባሰ ነበር። ወደ ታች ለሚጠቀሙት ሰዎች ስንነግራቸው ዓይናቸውን ማየት ከብዶኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው የአልጌ ኩሬ ልሥራ ሲለኝ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ በበዓል ቀን ማን ይሰበስበዋል?

መሰብሰቡ ቀላል ቢሆን ኖሮ ይህ ቴክኖሎጂ ዛሬ በየከተማው በኖረ ነበር። ክሎሬላ መጠኑ ከ2 እስከ 10 ማይክሮን ነው። አንድ የራስ ፀጉር ውፍረቱ 70 ማይክሮን አካባቢ መሆኑን አስቡ። በነጠላም በወንፊትም አይያዝም። ብዛቱም እንደሚመስለው አይደለም። ያን ያህል አረንጓዴ የሆነ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ያለው ደረቅ አልጌ ግማሽ ግራም እንኳ ላይሞላ ይችላል። አንድ ኪሎ ለማግኘት ከ2 እስከ 3 ሺህ ሊትር ውሃ ማጣራት ይጠይቃል። ትልልቆቹ ጣቢያዎች በኬሚካል አርግተው ታች ያወርዱታል፣ ወይ በአየር አረፋ ወደ ላይ ያንሳፍፉታል፣ ወይ በሚሽከረከር ማሽን ይለዩታል። የሽፈራው ፍሬ ዱቄትም ውሃ የማጥራት ጠባይ ስላለው አልጌውን አያይዞ ታች ያወርደዋል። በባልዲ ሞክሩት፤ ደስ ይላል። ለኩሬ የሚበቃ ፍሬ ማግኘት ግን ሌላ ጣጣ ነው።

የቦታም ነገር አለ። የአንድ ሰው የቀን ፍሳሽ እንዲህ ባለ ኩሬ ለማጽዳት በግምት ከ4 እስከ 5 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። አንድ ሺህ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ግማሽ ሄክታር ገደማ ማለት ነው፤ ከኳስ ሜዳ ግማሽ የሚበልጥ። አዲስ አበባ ውስጥ መሬት ስንት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

እንግዲህ ወንዙ ውስጥ አትጨምሩ ያልኩበትን ምክንያት እያያችሁት ነው። ወንዝ ይፈሳል። የጨመራችሁት አልጌ በሰዓታት ውስጥ ከእናንተ አልፎ ይሄዳል። ጥቁሩ ውሃ ብርሃን ስለማያሳልፍ እዚያው የማደግ ዕድልም የለውም። ውሃው የሚረጋው ወደ ታች አባ ሳሙኤል ሲደርስ ነው። እዚያ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ፤ እምቦጭ ግድቡን አልብሶታል። እምቦጭ ሥርና ቅጠል ያለው ተክል እንጂ አልጌ አይደለም። ግን የሚበላው ያንኑ ነው፦ ከከተማው የሚወርደውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ። የሚያወጣው ስለሌለ ይሞታል፣ ይሰምጣል፣ መልሶ ይለቀዋል። አንድ ሺህ ጊዜ ያደገ እምቦጭ አባ ሳሙኤልን አንድ ቀን አላጸዳውም።

ከዚያ በታች ቆቃ አለ። በሐይቁ ላይ እንደ ቀለም የሚንሳፈፈውን አረንጓዴ ያየ ሰው አይረሳውም። ያ ማይክሮሲስቲስ የሚባል ነው። ሲኖር የሚኖረው እንደ አልጌ ነው፤ በተፈጥሮው ግን ባክቴሪያ ነው። ከሚያመነጨው መርዝ አንዱ ጉበትን የሚጎዳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ የዚህ መርዝ ዋነኛ ዓይነት ከ1 ማይክሮ ግራም በሊትር እንዳይበልጥ የሚመክረው ለዚህ ነው። ውሃውን ማፍላት ደግሞ መርዙን አያጠፋውም። አረንጓዴ ሁሉ ወዳጅ አይደለም። ይህንን ደጋግሜ የምለው ከሐይቁ ቀድተው የሚጠጡ እናቶችና ልጆች ስላሉ ነው።

አሁን የእናንተ ውሃ ላይ እናተኩር። ውሃው ቀላ ብሎ፣ ጥቁር ሆኖ፣ አረፋ ለብሶ የሚመጣ ከሆነ ከመጸዳጃ ቤት ብቻ የመጣ አይደለም። ከላያችሁ ፋብሪካዎች አሉ። ቆዳ ፋብሪካ ካለ ሁለት ነገሮች ያስፈሩኛል። አንዱ ሰልፋይድ ነው። ፀጉር ከቆዳ ለማላቀቅ የሚጠቀሙበት ነው፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው እሱ ነው። አልጌን ራሱን ይገድለዋል። ሁለተኛው ክሮሚየም ነው፤ ቆዳው የሚለፋበት።

ስለ ከባድ ብረቶች ቪዲዮዎቹ የሚሉት ውሸት አይደለም። የአልጌ የሴል ግድግዳ ላይ ብረት የሚስቡ ቦታዎች አሉ። ካድሚየም፣ እርሳስና ክሮሚየም በደቂቃዎች ውስጥ ሊለጠፉበት ይችላሉ። የሞተና የደረቀ አልጌ እንኳ ይህንን ይሠራል። ግን ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ክሮሚየም ሁለት መልክ አለው። ቆዳ ፋብሪካ የሚጠቀምበት ባለ ሦስቱ ነው፤ እሱ በደንብ ይለጠፋል። መርዛማው ባለ ስድስቱ ግን በተራ ውሃ ውስጥ በቀላሉ አይለጠፍም። ሁለተኛ፣ ባክቴሪያ ዓይነ ምድርን አፈራርሶ ይጨርሰዋል። ብረትን ግን ማንም አፈራርሶ አይጨርሰውም። ከውሃው ወጥቶ አልጌው ላይ ቢሰፍር አሁንም አለ፤ እንዲያውም ተጠራቅሞ፣ ተጠናክሮ። ያንን አልጌ ለላም ብትሰጡት ወደ ወተቱም ወደ ጉበቷም መንገድ ከፈታችሁለት ማለት ነው። ማሳ ላይ ብትበትኑት አፈሩ ውስጥ ይቀራል፤ የዛሬ ሃያ ዓመትም እዚያው ታገኙታላችሁ።

ስፒሩሊናንም በዚሁ ልመልስ። ስፒሩሊና እንዲሁ የትም ውሃ ላይ የሚበቅል አይደለም። ጨውና ሶዳ የበዛበት ውሃ ነው የሚወደው። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው፤ ቺቱ ሐይቅ ላይም ፍላሚንጎዎቹን የሚመግበው እሱ ነው። በቻድ ሐይቅ ዙሪያ የካነምቡ ሴቶች ለዘመናት እየሰበሰቡ፣ አሸዋ ላይ እያደረቁ ይበሉታል። ከእናንተ ውሃ የሚወጣው ስፒሩሊና አይሆንም። ስፒሩሊና ነው ብሎ መሸጥ ሰው ማታለል ነው፣ ሰው መመረዝም ነው። ይህንን ልታደርጉ እንዳላሰባችሁ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው የጠየቃችሁት። መጠየቃችሁን አከብራለሁ።

ክሮሚየም መያዝ ያለበት ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ነው። የታወቀ መንገድ አለው። የክሮሙ ፍሳሽ ከሌላው ሳይቀላቀል ለብቻው ይያዛል። አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ነገር) ይጨመርበትና ፒኤቹ ወደ 8 እና 9 ሲወጣ ክሮሚየሙ እንደ አረንጓዴ ጭቃ ይዘቅጣል። ጭቃው በአሲድ ሟሙቶ መልሶ ቆዳ ይለፋበታል። ለፋብሪካውም ገንዘብ ነው። አንዴ ወንዝ ውስጥ ከገባና በሚሊዮን ሊትር ከተበጠበጠ በኋላ በአልጌ አጥምዱልኝ ብሎ ለገበሬ መተው ግፍ ነው። የእናንተ ማኅበር ሊጮህ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ብቻችሁን ሳይሆን ከታች ካሉት አምራቾች ጋር ሆናችሁ።

እና ምን እንሥራ ካላችሁ፣ እኔ የምመክራችሁ ኩሬ አይደለም። ወንዙ ዳር ውረዱና ድንጋዮቹን እዩ። ውሃው ስስ ሆኖ በሚሮጥበት ቦታ እንደ ረጅም ፀጉር የሚወዛወዝ አረንጓዴ ታገኙ ይሆናል። እሱም አልጌ ነው፤ ግን ክር ክር ሆኖ ድንጋይ ላይ የሚበቅል። ትልቁ ጥቅሙ በእጅ የሚያዝ መሆኑ ነው። ዋልተር አዲ የተባለ የስሚዝሶኒያን ተቋም ተመራማሪ የባሕር ኮራሎችን ሲያጠና እንዲህ ዓይነት አልጌ ውሃ እንዴት እንደሚያጠራ አየና እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቀላል መሣሪያ አደረገው። ትንሽ ያዘነበለ ወለል ነው። በላዩ መረብ ይነጠፋል። ውሃ በስሱ እየተንሸራተተ ይወርድበታል። አልጌው መረቡን ይዞ ያድጋል። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ውሃውን ዘግቶ መፋቅ ነው። ማጣሪያ የለ፣ ኬሚካል የለ። የታችኛው ጫፉ መረቡ ላይ ስለሚቀር ራሱ መልሶ ያድጋል።

ለሙከራ 1 ሜትር በ10 ሜትር ይበቃል። ጫፍና ጫፉ መካከል ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ይኑረው። ታች ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም የፕላስቲክ ንጣፍ)፣ ላዩ ላይ ተራ የፕላስቲክ መረብ። ውሃውን የመስኖ ሞተራችሁ ያነሳዋል። ከተቻለ ውሃው ቀጥ ብሎ ከሚፈስ በባልዲ እንደሚደፋ ጎርፍ ጎርፍ እያለ ቢወርድ አልጌው ይበልጥ ይወደዋል። ወንዙ ጥቁር ሆኖ በመጣ ቀን ሞተሩን አታስነሱ። ስትፍቁ ጓንትና ቦቲ አድርጉ። የተፋቀውን ፕላስቲክ ላይ አድርቁት፤ አፈር አይንካ፣ ዶሮም አይድረስበት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመናውም ጎርፉም ስላለ ብዙ አትጠብቁ። ጥሩው ጊዜያችሁ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው።

ይህ ውሃውን ያሻሽላል። ሽታው ይቀንሳል፣ ኦክስጅኑ ይጨምራል፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረሱ ይወርዳል። በክሮሚየም የተበከለ ውሃን ለሰላጣ ያበቃዋል እያልኳችሁ ግን አይደለም። ሰላጣና ቆስጣ ከባድ ብረቶችን በቅጠላቸው በማጠራቀም የታወቁ ናቸው። በአዲስ አበባ ወንዞች በሚለሙ ማሳዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ይህንን ደጋግመው አሳይተዋል። የምርመራ ውጤት እስክታገኙ ድረስ ከቅጠላ ቅጠሉ ወደ ችግኝ ወይም ወደ አበባ ማዞር ብትችሉ ደስ ይለኛል። እንጀራችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንድ ሳምንት እንኳ መዝለል ምን ማለት እንደሆነም አውቃለሁ። ቢያንስ ከግማሹ መደብ ጀምሩ። የቀረውን ስታጠጡ ውሃው ቅጠሉን ሳይነካ ሥሩ ላይ ይውረድ።

ምርመራው ላይ አንዳንድ ላቦራቶሪ ጠርሙስ ስጡ ብሎ ዝም ስለሚል፣ ናሙና አወሳሰዱን ልንገራችሁ። አራት ናሙና ውሰዱ፦ ከፋብሪካዎቹ በላይ ካለው ወንዝ፣ ከእናንተ መሳቢያ ቦታ፣ ከማሳችሁ አፈር፣ አንድ ደግሞ ለሽያጭ ከደረሰ ቆስጣ። ውሃው ቀለም ይዞ በመጣበት ቀን ይሁን፤ ጥርት ባለበት ቀን መውሰድ ራስን ማታለል ነው። ለክሮሚየም፣ ለካድሚየምና ለእርሳስ የሚሆነውን የውሃ ጠርሙስ ላቦራቶሪው በአሲድ አጥቦ ይስጣችሁ፤ ናሙናውንም በናይትሪክ አሲድ ያቆዩት። ባለ ስድስቱ ክሮሚየም ግን ሌላ ጠርሙስ ነው። አሲድ አይነካውም፣ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት። ስለዚህ ዓርብ ማታ አትውሰዱ። ለመስኖ ውሃ የሚመከረው ጣሪያ ለጠቅላላ ክሮሚየም በሊትር 0.1 ሚሊ ግራም፣ ለካድሚየም 0.01 ነው። ውጤቱ ሲደርሳችሁ ቁጥሮቹን ከቀኑና ከውሃው ቀለም ጋር ጽፋችሁ ላኩልኝ። መረቡን የት እንደምንዘረጋ፣ የተፋቀውም አልጌ ወደ ማዳበሪያ ይሂድ ወይስ ተለይቶ ይቀመጥ የሚለውን ቁጥሩን አይተን አብረን እንወስናለን።